የቆዩ ሳንቲሞችና የብር ኖቶች፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ለሚሰበስቡ ሰዎች፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ የቆየ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ናቸው። አንዱ ከአያቱ ሳጥን ያገኘውን ጠገራ ብር በመሐረብ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ሌላዋ የጃንሆይ ምስል ያለበትን አምስት ብር በስልክ ፎቶ አንሥታ ትልካለች፤ ሁለቱም ቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ያወጣል?» ብለው ነው። ዕቃው ምን እንደሆነና በምን ይዞታ ላይ እንዳለ ሳይታወቅ ዋጋ መናገር ስለማይቻል፣ የዋጋውን ጥያቄ ሆን ብዬ ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ።

ጠገራው ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፤ ብዙ ሰው ቅር የሚሰኘውም በዚህ መልስ ነው። ጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ በቀይ ባሕር ዙሪያ የሚነግዱ ሰዎች ከለመዱት መልክ የተለየ ብር አንቀበልም በማለታቸው፣ ገንዘቡ ከሞተች በኋላም ምስሉም ሆነ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል። የመታችውም ቪየና ብቻ አይደለችም። ጣልያን አገራችንን ለመውረር በተዘጋጀችበት በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መመታት ጀመረ፤ በኋላም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ተመትቷል። ቪየና ዛሬም ለሰብሳቢዎች ትመታዋለች።

በእኛ አካባቢ የሚገኘው ጠገራ በአብዛኛው ቀድሞ በዘይላ በኩል በግመል ወደ ሐረር፣ የባቡሩ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በጅቡቲ በኩል የገባ ነው። የትኛው ከተማ እንደመታው የሚለየው በጌጧ፣ በንስሩ ላባና በፊደሎቹ ላይ ባሉ በጣም ጥቃቅን ልዩነቶች ስለሆነ፣ ያለ ማጉያ መስታወትና ያለ ጥሩ የማነጻጸሪያ ፎቶ ለመገመት መሞከር አያዋጣም።

እውነተኛ መሆኑን ቤት ውስጥ እንዴት ላረጋግጥ?

ከሁሉ በፊት ይመዝኑት። ያልተበላ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱም ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ከረጅም ዘመን ዝውውር የተነሣ ጥቂት ነጥብ ግራም ሊጎድለው ይችላል፤ 26 ግራም ከሆነ ግን መጠራጠር ይገባል። ሚዛን ከሌለዎት ወርቅ ቤት ገብተው ቢጠይቁ የሚከለክልዎ የለም። ቀድሞ አንጥረኞች ወቄት የሚሉት ሚዛን የአንድ ጠገራ ክብደት ያህል ስለነበር፣ ጠገራውን ራሱን በሚዛኑ አንድ ወገን አስቀምጠው ወርቅ ይመዝኑበት ነበር፤ የክብደቱ ነገር በዚህ አገር ቀልድ ሆኖ አያውቅም።

ቀጥሎ ጠርዙን ይመልከቱ። በእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ጎላ ብሎ ይነበባል፤ በቀላሉ በሻጋታ የፈሰሰ ሐሰተኛ ደግሞ ጠርዙ ላይ ወይ ባዶ ይሆናል፣ ወይ ሁለቱ ገጾች የተጣበቁበት ስፌት ይታይበታል። ከንግሥቲቱ የደረት ምስል ሥር «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች መኖር አለባቸው፤ እነዚህ ሾብልና ፋቢ የተባሉት የጉንዝቡርግ ከተማ የገንዘብ ማምረቻ ኃላፊዎች የስም መነሻዎች ናቸው። ማግኔት ቢያስጠጉበት ፈጽሞ ሊሳብ አይገባም። አረጋውያን ነጋዴዎች ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጡ ነበር፤ ዘዴው ይሠራል፣ ነገር ግን ጠርዙን ስለሚጎዳ ለሰብሳቢ አልመክርም።

የምኒልክን ብር ከጠገራ በምን እለየዋለሁ? በላዩ ያለውን ዓመትስ እንዴት አነባለሁ?

መለየቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ገጽ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ከሚል ጽሑፍ ጋር፣ በሌላው ባንዲራ የያዘ አንበሳ አለ። የመጀመሪያዎቹ ፓሪስ ላይ የተመቱት በ1887 ዓ.ም. ነው። ክብደቱም ሆነ የብር ይዘቱ ከጠገራው ጋር ተቀራርቦ የተሠራው ሆን ተብሎ ነበር፤ ያም ሆኖ በገበያ ላይ ጠገራውን ለማባረር አልቻለም። ከብሩ የሚያንሱት ዝርዝሮቹ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብ፣ ተሙን (ስምንተኛ) እና ግርሽ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ በእኛ አካባቢ እጅግ በብዛት የሚገኘው ግርሽ ነው።

ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ አኃዝ ነው። ፲፰፻፹፯ ሲነበብ ፲፰ ዐሥራ ስምንት፣ ፻ መቶ፣ ፹ ሰማንያ፣ ፯ ሰባት ስለሆነ 1887 ይሆናል። ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የዘነጋ ሰው «ከዐድዋ ዘጠኝ ዓመት በፊት የተመታ ነው» ብሎ ሲሟገት ሰምቻለሁ፤ የተመታው በጦርነቱ ዋዜማ ነው።

ሐረር የራሷ ሳንቲም ነበራት ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝም ይኸው ነው። የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባሉ ትንንሽና ስስ ሳንቲሞችን በዐረብኛ ጽሕፈትና በሂጅራ ዓመት ያስመቱ ነበር። ግብፆች ከተማዋን ከያዙባቸው ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ካሉት ዓመታት በኋላ ሥልጣን የያዙት የመጨረሻው አሚር ዐብዱላሂም በአጭሩ ዘመናቸው ሳንቲም አስመትተዋል። ከተማዋ በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በምኒልክ ከተያዘች በኋላም ሙያው አልቆመም፤ በ1885 ዓ.ም. በምኒልክ ስም የብር መሐለቅ ሐረር ላይ ተመትቷል፤ ማለትም የፓሪሱ ብር ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ።

እነዚህ ሳንቲሞች በእጅ የተመቱ ስለሆኑ ጽሑፋቸው ከጠርዝ ያለፈ፣ ቅርጻቸው የተንጋደደ፣ አንዳንዶቹም ግማሽ ፊደል ብቻ የሚታይባቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ባለች ሱቅ ውስጥ ከአዝራርና ከዶቃ ጋር ተቀላቅሎ የነበረ የጣት ጥፍር የሚያህል ቡናማ ስስ ብረት አነሣሁ፤ ወደ ብርሃኑ ዘንበል ሳደርገው ብቻ ነበር ከግማሽ የሚበልጠው መስመር የዐረብኛ ፊደል መሆኑ የታየኝ። ባለሱቁ «እሱን ልጆቹ ይጫወቱበታል» አለኝ። ዓመቱ የሚነበብ መሐለቅ ከማይነበበው ብዙ እጥፍ የሚፈለግ በመሆኑ፣ ትንሿን ቁራጭ ንቆ ከመጣል በፊት ዐረብኛ ለሚያነብ ሰው ማሳየት ይበጃል።

ባለ 1936 ሳንቲሞች በየቤቱ አሉ። ዋጋ አላቸው?

በ1936 ዓ.ም. ቁጥር የሚታወቁት አንድ፣ አምስት፣ ዐሥር፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲሞች ወደ ዝውውር የገቡት አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን በታወጀበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲመቱ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ ተራ ናቸው። ሁለቱን ግን ለይተው ያስቀምጡ።

ሽልንግ የምንለው ሃምሳ ሳንቲም የብር ነው። 7.03 ግራም የሚመዝን ሆኖ፣ ቀደምቱ ከሺህ 800፣ የኋለኛው ከሺህ 700 ብር አለው፤ ሁለቱም አንድ ዓመት ስለተጻፈባቸው በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ስሙኒውን በተመለከተ ደግሞ ጠርዙን ይዩ፤ በየቤቱ የሚገኘው ጠርዙ እንደ አበባ የተሸነሸነው ሲሆን፣ ቀድሞ የወጣው ግን ክብ ነበር። ክቡን ስሙኒ ብር እየቀቡ እንደ ሽልንግ የሚያሳልፉ ሰዎች በመብዛታቸው ነው ቅርጹ የተለወጠው። ክብ የሆነው ስሙኒ ቁጥሩ ከተሸነሸነው በጣም ያነሰ ነው፤ ቅቡ ያልለቀቀበት ካገኙ አይፍቁት፤ የዘመኑ ማጭበርበሪያ ራሱ ማስረጃ ሆኗል።

በ1923 ዓ.ም. የወጡት መቶኛዎች፣ ማለትም «መቶና» የሚል የተጻፈባቸው የመዳብና የኒኬል ሳንቲሞችም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። የብር ይዘት የላቸውም።

በድሬዳዋዎቹ የከዚራና የመጋላ ሰፈር ቤቶች ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ የሚወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ብዙ ሰው ያሳስታል። እንግሊዞች በ1941 እ.ኤ.አ. ከገቡ በኋላ የተሠራጨው ይህ ሳንቲም ብር ይመስላል፤ ይዘቱ ግን ከሺህ 250 ብቻ ነው።

ከወረቀት ገንዘብ የትኛው ነው የሚፈለገው?

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። የመጀመሪያው ባንክ የአቢሲኒያ ባንክ ነው፤ በ1905 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ውል ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ተሳስሮ ተቋቋመ፣ ሐረርና ድሬዳዋም ቅርንጫፍ ነበረው። (ዛሬ ተመሳሳይ ስም ያለው የግል ባንክ በ1996 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሌላ ድርጅት ነው።) ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቸው ኖቶች የዱር እንስሳት ሥዕል ያለባቸው፣ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው። ሕዝቡ ወረቀቱን ስላላመነ በእጁ እንደገባ ወደ ብር ይመልሰው ነበርና ዛሬ እጅግ ብርቅ ናቸው። በ1931 እ.ኤ.አ. ባንኩ ሲፈርስ የተተካው የኢትዮጵያ ባንክም የራሱን ኖቶች አውጥቷል፤ እነዚህም አይረክሱም።

ከዚያ የጣልያን ሊሬ አለ፤ «የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ማኅተም የታከለበት ከተራው ይበልጣል። ድሬዳዋ የባቡር ከተማ በመሆኗ፣ የፈረንሳዩ ባንክ ደ ሊንዶሺን ለጅቡቲ ያወጣቸው ኖቶችም ከድሮ የሐዲድ ሠራተኞች ቤት ይወጣሉ፤ የኢትዮጵያ ገንዘብ ስላልሆኑ ብቻ አይጣሉ።

በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመንግሥት ባንክ ኖቶች አሜሪካ ታትመው የመጡ ናቸው። በአማርኛው «ብር»፣ በእንግሊዝኛው «ዶላር» የሚል ስላለባቸው ሁለት ገንዘብ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አማርኛው መቼም ብር ሲል፣ እንግሊዝኛው ብር ማለት የጀመረው በ1969 ዓ.ም. በደርግ ኖቶች ላይ ነው። በእነዚህ ቀደምት ኖቶች ላይ ፊርማውን ያንብቡ፤ የባንኩ የመጀመሪያ ገዥ (ዋና ኃላፊ) የብሎወርስ ፊርማ ያለበት በኋላ ቤኔትና ሮዜል ከፈረሙት ይበልጥ ይፈለጋል። ባለ መቶና ባለ አምስት መቶ ኖቶች በጊዜው ትልቅ ገንዘብ ስለነበሩ ማንም ሳጥን ውስጥ አልረሳቸውም፤ ከአንድና ከአምስቱ ይልቅ የሚገኙት በስንት ጊዜ አንዴ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተቀየሩትን ባለ መቶ ብሮች አስቀምጬ ነበር። ወደፊት ይወደዳሉ?

በእርስዎና በእኔ ዕድሜ አይመስለኝም። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ቅያሬው ሲታወጅ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ስለነበር ባንክ አይቀበላቸውም፤ በሰብሳቢ ዘንድ ደግሞ ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ነው። እጥፋት የሌለው፣ ተከታታይ ወይም ለየት ያለ ቁጥር ያለው ካልሆነ በቀር ለማስታወሻ ይያዙት። አምስት ብሩ በዚያን ጊዜ አልተቀየረም።

ሳንቲሙ ጠቁሯል። ልጠበው?

አይጠቡት። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁትን የምኒልክ አላድ በሎሚና በአመድ አሸሁት፤ ሥራዬን ስጨርስ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራ ነበር፣ የንጉሡ ጢም ላይ የነበሩት ጥቃቅን መስመሮች ግን በአመዱ ተልገው ነበር። ለአንድ የረጅም ጊዜ ሰብሳቢ ሳሳየው ጥቂት ዝም ብሎ ወደ መስኮቱ አዞረውና «ይሄ አሁን ብር ነው፤ ሳንቲም ግን አይደለም» አለኝ። ሊሰጠኝ የፈቀደውም የብረቱን ዋጋ ብቻ ነበር። ብር ላይ በዘመን ብዛት የሚመጣው ጥቁረት ገጹን ይሸፍናል እንጂ አይበላም፤ ሰብሳቢውም ያልተነካ መሆኑን የሚያውቅበት እሱ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ አጃክስና ሶዳም ከአመድ የተሻሉ አይደሉም። ጭቃ ከያዘ ብቻ በንጹሕ ውኃ ነክረው፣ ሳያሹ፣ በጨርቅ ላይ አድርገው ያድርቁት።

ለወረቀትም ነገሩ ያው ነው። ኖት በካውያ መተኮስ እጥፋቱን ይደብቃል፣ ነገር ግን በጣት ሲዳሰስ የሚሰማውን የኅትመቱን ሻካራነት ያሳጣዋል፤ የለመደ ሰው በአንድ ዳሰሳ ያውቀዋል። የተቀደደውን በስኮች አይለጥፉ። ከሁሉ የከፋው ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ላሚኔት ማስደረግ ነው፤ እሱ ተመልሶ አይነሣም።

እናቴ የጠገራ ድሪ አላት፤ እያንዳንዱ ላይ ቀለበት ተበይዶበታል። ልፍታው?

በፍጹም አይፍቱ። ቀለበት የተበየደበት ወይም የተበሳ ጠገራ በሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ከብረቱ ዋጋ አይዘልም፤ ቀለበቱ ቢነቀል ደግሞ ጠባሳው ይቀራል። ድሪው ሙሉ ሆኖ፣ ከክሩና ከማያያዣው ጋር፣ ማን እንዳሠራውና ማን ለማን እንደዳረበት ሲነገርለት ግን የአንጥረኛ ሥራና የቤተሰብ ታሪክ ነው። ከእናትዎ ጋር ተቀምጠው የምታስታውሰውን ሁሉ ጽፈው አብሮ ያኑሩት።

እንግዲህ ዋጋው እንዴት ይተመናል?

ለብር ሳንቲሞች መነሻው የብረቱ ዋጋ ነው። አንድ ጠገራ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለው፤ በዓለም ገበያ ብር የሚተመንበት አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ፣ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.75 ሲያባዙ ወለሉን ያገኛሉ። ለተራ ጠገራ ከዚህ በታች አይሽጡ፣ ከዚህ በጣም በላይም አይግዙ። የምኒልክ ብር ወለሉ ያው ሆኖ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣው እንደ ዓመቱና እንደ ይዞታው ነው። ወረቀት ወለል የለውም፤ ሙሉ በሙሉ በይዞታና በብርቅነት ይወሰናል።

ይዞታን ለመመዘን በዓለም ላይ የሚሠራበት ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አለ፤ 60 እና ከዚያ በላይ የሚሰጠው ዝውውር ውስጥ ላልገባ ብቻ ነው። እኛ ጋ ቁጥር ከመጥራት ይልቅ ሦስት ነገር ማየት ይበቃል፦ ከፍ ብለው የተመቱት ቦታዎች፣ ማለትም የአንበሳው ጋማና የንጉሡ ጉንጭ፣ መስመራቸው አለ ወይ፤ ጠርዙ ተጎድቷል ወይ፤ ታጥቧል ወይ። በኖት ላይ ደግሞ እጥፋት፣ የስፒል ቀዳዳና የብዕር ጽሑፍ ይቈጠራሉ።

ከሁሉ በላይ ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ ከተሸጠበት ዋጋ ይለዩ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ግርሽ በሺህ ዶላር ተለጥፎ አይተው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ያ የሻጩ ምኞት ነው። መታየት ያለበት በጨረታ ተጫርቶ የተከፈለበት ነው። ሐረር ጁገል ውስጥ ለቱሪስት የሚጠራው ዋጋም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም፤ ሰላምታውን አስረዝሞ፣ ሌላ ዕቃ እያነሡ እየጣሉ፣ የሚፈልጉትን መጨረሻ ላይ መጠየቅ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል።

በድሬዳዋ ሙቀት የት ላስቀምጥ?

ደረቅ አየራችን ለሳንቲም ምቹ ነው፤ ወረቀት ግን ፀሐይ በማያገኘው ቁም ሳጥን ይሁን። ለስላሳው የሚሸት ፕላስቲክ ሳንቲሙን አረንጓዴ ስለሚያደርገው ሳንቲሞችን ለየብቻ በወረቀት ፖስታ ያኑሩ።

የቆዩ የባንክ ካርዶችስ ይሰበሰባሉ?

ይሰበሰባሉ፤ በእኛ አገር ገና ጀማሪ ቢሆንም። በዓለም ላይ የሚፈለጉት በ1958 እ.ኤ.አ. የወጡት የአሜሪካን ኤክስፕረስ የወረቀት ካርዶች፣ በዚያው ዓመት ተጀምሮ በ1976 እ.ኤ.አ. ቪዛ የሚለውን ስም የያዘው የባንክ አሜሪካርድ ቀደምት ካርዶችና የመሳሰሉት ናቸው። እኛ ጋ ካርዱ ተራ ቢሆንም፣ ቺፕ ያልነበራቸውን መግነጢሳዊ መስመር ብቻ ያላቸውን፣ እንዲሁም በእጅ የተሞሉ የቁጠባ ደብተሮችን ማስቀመጥ ዛሬ ወጪ የለውም። ካርድ ሲያስቀምጡ ቁጥሩን በፎቶ አይለጥፉ፤ ጀርባው ላይ ካርዱ የባንኩ ንብረት ነው የሚል ካለበት ባንኩ ሲጠይቅ መመለስ ግዴታ መሆኑንም ይወቁ።

ቤት ሲሠራ መሠረት ውስጥ በማሰሮ የተቀበረ ጠገራ ቢገኝ የማን ነው? ወደ ውጭ መላክስ ይቻላል?

ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት የተገኘ ቅርስን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ስለዚህ ማሰሮው እንዳለ ሆኖ፣ ሳይታጠብና ሳይከፋፈል፣ ፎቶ ተነሥቶ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነገር። ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሳንቲሞች አንድ ላይ ሲቈዩ መቼ እንደተቀበሩ ይናገራሉ፤ ለአምስት ዘመድ ከተከፋፈሉ በኋላ ያ ታሪክ ይጠፋል። ለውጭ አገር ዘመድ ስጦታ መላክ የሚፈልግም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከመከራከር ይቀላል።

ከመግዛቴ በፊት እውነተኛውን የት ልይ?

ሐረር የራስ ተፈሪ ቤት በነበረው ሕንፃ የሚገኘውን የዐብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ይጎብኙ። የሙዚየሙ ባለቤት ለዓመታት ከየቤቱ ሲሰበስቡ የቆዩትን ሳንቲምና የእጅ ጽሑፍ እዚያ አኑረዋል። ጠዋት ላይ ብርሃኑ በመስኮቱ ሲገባ ቢሄዱ ይመረጣል፤ በዝቅተኛ ብርሃን የመሐለቅ ፊደል አይነበብም።